የምላስ ምዘና

መንበረ ጾመኛ ሆነች ተብሎ በአዋሽ ሰባት ኪሎ መወራት ከጀመረ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ረቡዕና ዓርብንማ ማንም ይጾማል። እሷ ግን የነቢያቱን፣ የሐዋርያቱን፣ የፍልሰታን፣ ካህናቱ እንኳ የፈቃድ ነው ብለው የሚያልፉትን የጽጌን ጾም ሳይቀር ትጾማለች። በምታስተምርበት የሙያ ኮሌጅ ያሉ ባልደረቦቿ «እማሆይ» እያሉ ይጠሯታል። የሥልጠና ክፍሉ ኃላፊ ደግነት ደግሞ ባገኛት ቁጥር ቆቡን መቼ እንደምትደፋ ይጠይቃታል፤ የምንኩስናዋን ድግስ እሱ የሚደግስ ይመስል። እሷም አብራቸው ትስቃለች። ጾሙ ግን ጾም አይደለም።

መንበረ የምግብ ዝግጅት አሰልጣኝ ናት። በወጣትነቷ ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደዚህ ሙቀት ወርዳ እዚሁ አግብታ፣ እዚሁ ወልዳ ቀርታለች። ያሠለጠነቻቸው ሴቶችና ወንዶች ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ ገላፊ ያለውን መንገድ ይዘውታል። አንድ ሾፌር ዲቾቶ ላይ መኪናውን አቁሞ ጥብስ በልቶ ጣቱን ከላሰ፣ ጥብሱን የሠራችው የመንበረ ሰልጣኝ ናት፤ ካልሆነችም የመንበረ ሰልጣኝ ያሳየቻት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ይህች ሴት ጣዕም አታውቅም። ጨውና ስኳር፣ ቅቤና ዘይት፣ የደረሰ ወጥና ያልደረሰ ወጥ ለምላሷ አንድ ናቸው። ሽታም አይሸታትም። ይህን ከእሷና አንድ ጊዜ ካያት ሐኪም በቀር የሚያውቅ የለም። ቢታወቅ ከሥልጠናው ወጥ ቤት እንደምትወጣ ታውቃለች፤ ያ ወጥ ቤት ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ከአልጋዋ የሚያስነሣት ብቸኛው ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው ከተማ የሚባለው ባሏ በሞተበት ሰሞን ነው። ከተማ መምህር ነበር። በኮሮናው ጊዜ ባልና ሚስቱ አንድ ላይ ወደቁ፤ እሷ ተነሣች፣ እሱ አልተነሣም። በሰልስቱ ጎረቤቶቿ ያጎረሷት ምግብ ምንም አላላትም። ኀዘን ነው አሏት፤ እሷም አመነች። ኀዘንተኛን እህል መች ይጥመዋል? አርባው ወጣ፣ ሰማንያው ወጣ፣ ምላሷ ግን አልተመለሰም። ሎሚ ነከሰች፣ ጨው ከመዳፏ ላይ ላሰች። ሚጥሚጣ ብቻ አቃጠላት፤ ማቃጠል ደግሞ ጣዕም አይደለም። ሐኪሙ ጊዜ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ይመለስለታል፣ አንዳንዱ አይመለስለትም አላት። በሙት ዓመቱ ዋዜማ የከተማን ኮት ከሳጥን አውጥታ ፊቷን ቀበረችበት። የጨርቅ ልስላሴ እንጂ ሌላ ምንም አልነበረበትም። ባሏን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበረችው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ የምታበስለው በማንኪያና በሰው ፊት ነው። ማንኪያው ለልክ ነው፤ ለዚህን ያህል ምስር ይህን ያህል ጨው ብላ ከደጉ ዘመን የምታስታውሰውን ሁሉ በማንኪያ ቀምራ በቃሏ ይዛዋለች። የሰው ፊት ደግሞ ለማረጋገጫ ነው። ጨው ሲያንስ ሰው ማኘኩን ያዘገያል፤ ሲበዛ ቅንድቡ ሳያስበው ብድግ ይልና እጁ ወደ ውሃው ይሄዳል። ቅመም የጎደለው እንደሆነ ዓይኑ ሌላ ቦታ ይውላል። እንዲህ እንዲህ እያለች ሰውን ማንበብ ለመደች። ያስቸገራት ሰልጣኞቹ ጭልፋ ይዘው መጥተው «ቅመሺልን» የሚሉት ነገር ነበር። መጀመሪያ በነቢያቱ ጾም «ጾም ነኝ፣ እናንተው ቅመሱና ንገሩኝ» አለቻቸው። አምልጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ ጾሞቹን አንድ በአንድ ሰበሰበቻቸው። ጾም በሌለበት ሰሞንም ቅምሻ ያለበትን ሥልጠና ወደ ረቡዕና ዓርብ ገፋችው።

ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሳምንታት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም መደበቂያ የላትም። ስለዚህ የዓመት ፈቃዷን ሁልጊዜ በዚያ ወቅት ትወስዳለች። ሰው በበዓለ ሃምሳ እየበላ ሲደሰት እሷ ቤቷን ዘግታ ትቀመጣለች። እግዚአብሔርን መጋረጃ አድርጌዋለሁ ትላለች ለራሷ፤ ይህም ከምላሷ መሞት ይልቅ ያስፈራታል። ንስሐ ልትገባ ሁለት ጊዜ ወደ ነፍስ አባቷ ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ኃጢአት ነግራቸው ተመልሳለች።

የአዋሽ ሰው ርኅራኄም ጎድቷታል። ባል የሞተባት ሴት ያቀረበችውን ምግብ ጨው በዛበት የሚል ጨካኝ በዚያ አገር አልተወለደም። ልጇ ራኬብ እንኳ የቀረበላትን ሁሉ ጸጥ ብላ በልታ፣ እጇን ታጥባ፣ ወደ ትምህርቷ ትሄዳለች። በማንበብ የሠለጠነችው መንበረ የልጇን ፊት ብቻ ማንበብ አትችልም። ኀዘንና የወጥ ጣዕም አንድ ላይ የሠፈሩበት ፊት ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

በጥር ወር ደግነት አሰልጣኞቹን ሁሉ ሰብስቦ አዲስ መመሪያ መምጣቱን ነገራቸው። ባጭሩ ነገሩ ይህ ነው፤ ከእንግዲህ ማንኛውም የኮሌጅ አሰልጣኝ የድሮ ወረቀቱ አይበቃውም። በሚያሠለጥንበት ሙያ እንደ ሰልጣኝ ቆሞ፣ መዛኞች እያዩት በተግባር ሠርቶ፣ ብቁ ነው መባል አለበት። ብቁ ያልተባለ እስኪባል ድረስ ክፍል አይገባም፤ ወይ መጋዘን ይጠብቃል፣ ወይ ሌላ ሥራ ይፈለግለታል። አሰልጣኞቹ አጉረመረሙ። አንድ የብየዳ አሰልጣኝ ለሚስቴስ ብቃቴን ማን ይመዝንላት ብሎ ቤቱን አሳቀው። መንበረ አልሳቀችም። ወጥ ቀምሶ ማስተካከል ከምዘናው ነጥቦች አንዱ እንደሆነ ታውቃለች፤ ለሰልጣኞቿ ስንት ጊዜ አስተምራዋለች።

ምዘናው ሰመራ ላይ በሁለት ዙር ይሰጣል ተባለ፤ አንዱ በጾሙ ወራት፣ ሌላው ከፋሲካ በኋላ። ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን ነበር የገቡት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሁለተኛውን ዙር መረጠ፤ ሆዱ ባዶ ሆኖ በዚያ ሙቀት ምድጃ ፊት መቆም የሚወድ የለም። መንበረ ብቻ የመጀመሪያውን አለች። ደግነት ሰውነትሽን አትጉጂ ብሎ ለመናት። እግዜር ያግዘኛል አለችው። ደግነት እምነቷን አይቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እሷ ግን የዚያን ለት ማታ ራሷን ተጠየፈች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ክርስቲያን መዛኝ ቢመጣ ሥጋውን አይቀምስም፣ ሙስሊም መዛኝ ቢመጣ ቀን ጭራሹን አይቀምስም፣ እሷም አትቀምስም። ማንም ሳይቀምስ በልክና በንጽሕና ተመዝና ታልፋለች።

ራኬብን ለጎረቤት አደራ ብላ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረች። ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያን አልፋ እስክትደርስ የጅቡቲ ተሳቢዎች ከፊትም ከኋላም አልተለዩአትም። በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ የእሳት ነው። መንገዱን ሙሉ ማንኪያዎቿን በሐሳቧ ስትቆጥር፣ ይህን ለዚያ፣ ያን ለዚህ ስትል ነበር፤ አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይተው ውዳሴ ማርያም የምትደግም መሰላቸውና እኔንም በጸሎትሽ አስቢኝ አሏት። እሺ አለቻቸው።

በማግስቱ ቀትሩ አልፎ ጥላ ሲዘረጋ ወደ ምዘና ጣቢያው ሄደች። መዛኞቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ በአንድ ሆቴል የወጥ ቤት አለቃ የሆነው ሼፍ ገብሩ ነው፤ ሰውነቱ የከበደ፣ ንግግሩ የቀለለ። ዋናዋ መዛኝ ዊዳድ ትባላለች። አሳይታ ተወልዳ ያደገች፣ በመንበረ ዕድሜ ያለች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ናት። ፊቷ ምንም አይናገርም። መዛኝ ለተመዛኝ ፊት አያሳይም የሚለውን ደንብ መንበረ ታውቀዋለች፤ እንዲህ አጥብቃ የያዘችው ግን አጋጥሟት አያውቅም።

ዊዳድ ሥራውን አስረዳቻት። የፍየል አልጫ፣ ሩዝና የምስር ሾርባ በተወሰነው ሰዓት ውስጥ ይሠራሉ። ቀጥላም ሁሉም ጾመኛ መሆኑን አስባበት እንደነበር ነገረቻት። አልጫውን እሷ ራሷ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ትቀምሰዋለች። ሾርባው ግን ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ በዘይት ይሠራል፤ በመግሪብ ሰዓት እሷ ታፈጥርበታለች፣ መንበረና ገብሩም የሰዓት ጾማቸው ያኔ አልቆ ስለሚሆን አይከለክላቸውም። መንበረ ቀምሳ የምታስተካክለው እሱን ነው።

በዓለም ላይ ሁለቱም ጾም የማይከልላት አንድ ሰዓትና አንድ ምግብ ነበር፤ ይህች ሴት ፈልጋ አገኘችው። ያውም በቅንነት፣ ሃይማኖቷን ላለመንካት ብላ። ደህና አስበዋል አለች መንበረ፤ ሌላ ምን ትላለች። ሽርጧን አስራ፣ እጇን ታጥባ ወደ ሥራዋ ገባች።

እጇስ አሁንም እጅ ነበር። ሽንኩርቱን ስትከትፍ ገብሩ መጻፉን ትቶ አያት። ምድጃው ኮሌጃቸው ካለው ይልቅ ኃይለኛ ነው፤ ነበልባሉ ድስቱን ከብቦ ይወጣል። ለሾርባው ነጭ ሽንኩርት ስታቁላላ ቀለሙን በዓይኗ ተከታተለች፤ መስኮቱን አቧራ ስለደፈነው ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ነበር። ወርቃማ ሲመስላት ምስሩን ጨመረች። ገብሩ ቀና ብሎ አንድ ነገር ጻፈ። ስለ ቢላዋ አያያዟ ይሆናል ብላ አለፈችው። ከቧንቧው ውሃ ቀድታ ሞላች፣ ዝንጅብሉንና ኮረሪማውን አከለች፣ ጨዉን በማንኪያዋ ለክታ ጨመረች። ልክ አዋሽ እንደምታደርገው። ከዚያ በኋላ ያለው ተስፋዋ የሰው ፊት ብቻ ነበር። ሌሎቹ ቀድመው ይጠጡ፤ እሷ አይታ ትናገራለች።

ጀምበር ጠለቀችና ከሩቅ አዛን ተሰማ። ጥበቃው አብዱናሲርና ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ከግቢው ገብተው ከዊዳድ ጋር በአንድ ምንጣፍ ተቀመጡ። ቴምር ነካ ነካ አደረጉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከዚያም የመንበረ ሾርባ በየሳህኑ ተቀዳ። መንበረ ቆማ ፊታቸውን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች። ያኔ ነው ያላሰበችው ነገር የገጠማት። በሰመራ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው ፊት በማንኛውም ሾርባ ይፈካል። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡ። ሁሉም ውሃ ጠጡ፣ ደግመውም ጠጡ፤ ግን ጾመኛ ውሃ መጠጣቱ ስለ ጨው ምን ይናገራል? ገብሩ አንገቱን ደፍቶ ይጠጣል። የዊዳድ ፊት ዝግ ነው። አራት ዓመት ያነበበችው መጽሐፍ በዚያች ሰዓት ባዶ ወረቀት ሆነባት።

ዊዳድ አፏን ጠርጋ ወደ ጠረጴዛው መጣችና አንድ ሳህን ሾርባና ማንኪያ አቀረበችላት።

«ወይዘሮ መንበረ፣ ይቅመሱትና ይንገሩን» አለች። «ምን ጎድሎታል? ምንስ በዝቶበታል?»

መንበረ ማንኪያውን አላነሣችም። ገብሩ ከወንበሩ ሆኖ አያት፤ ጾመኝነቷን ከአዋሽ የመጣ ሰው ነግሮት ነበር። «ስእለት ይዘሽ ከሆነ ግድ የለም፣ አናስገድድሽም» አላት። ዊዳድም የሃይማኖት ነገር ካለበት ነጥቡን በሌላው ሥራዋ ይዘው እንደሚያልፉት በጸጥታ አረጋገጠች።

በሩ እንዲህ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ስእለት አለብኝ ማለት ብቻ ነው፤ ሁለት ቃል። በማግስቱ ብቁ ተብላ አውቶቡስ ትሳፈራለች፣ ሰኞ ወጥ ቤቷ ውስጥ ትሆናለች። አፏን ከፈተች። ምንጣፉ ላይ አብዱናሲር ለሁለተኛ ጊዜ ያስቀዳው ሳህን በፊቱ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ ከንፈሩ በሐሩር ተሰነጣጥቋል። ይህ ሰውዬ እውነተኛ ጾም ጾሞ ነው የዋለው። መንበረ እግዚአብሔርን በዚህ ሰው ፊት አንድ ጊዜ ደግማ መጋረጃ ማድረግ ከበዳት። ማንኪያውን አነሣችና ጠጣች።

ሙቀት ነበረው። ሌላ ምንም አልነበረውም። ደግማ ጠጣች፣ ምላሷ ላይ አቆየችው፣ ለመነችው። ምንም። እንግዲህ መገመት ነው። መለኪያዋን ታምናለች፤ ግን ምንም አይጎድለውም ማለት ለመዛኝ ጥጋብ ይመስላል። ሁልጊዜም ከአደጋ የሚያርቀው መልስ ጨው ትንሽ አነሰ ማለት ነው፤ የጎደለ ይጨመራልና።

«ጨው ትንሽ ያንሰዋል» አለች፤ እጇንም ወደ ጨው ዕቃው ላከች።

የገብሩ ሳህን ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ድምፅ ሰጠ። የዊዳድ እጅ ቀስ ብሎ መጥቶ የመንበረ እጅ ላይ ዐረፈና ጨዉን ከማንሣት ከለከላት። ያ ተዘግቶ የዋለ ፊት በአንድ ጊዜ ተከፈተ፤ የታየበትም ቁጣ አልነበረም። መንበረ ያን ፊት ወዲያው አወቀችው። ከተማን ልታስታምም ሆስፒታል በተመላለሰች ጊዜ ሐኪሞቹ ያሳይዋት የነበረው ፊት ነው።

ዊዳድ ገብሩን የጋዙን ነገር እንዲያይላት ጠየቀችው። ገብሩ ጋዙ መዘጋቱን ያውቃል፤ ሆኖም ተነሥቶ ወጣ።

«ከመቼ ወዲህ ነው፣ እህቴ?» አለች ዊዳድ።

መንበረ ልትክድ ፈልጋ ነበር፤ ግን ጥያቄው እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም። ሁሉንም ነገረቻት። የከተማን ሕመም፣ ሎሚውን፣ ማንኪያዎቹን፣ የሰልጣኞቹን ፊት፣ የተሰበሰቡትን ጾሞች፣ በበዓለ ሃምሳ የምትወስደውን ፈቃድ። በፈጣሪ ስም እንደነገደችም አልደበቀችም። ዊዳድ አላቋረጠቻትም። አንድ ጊዜ ብቻ «ሱብሐነላህ» አለች፤ እሱም ስለ ኮቱ ስትሰማ ነው።

ከዚያ ዊዳድ የሆነውን አስረዳቻት። የግቢው ውሃ ከጉድጓድ ነው፣ ራሱ ጨዋማ ነው። የዚያ አካባቢ ወጥ ሠሪ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ጨው የሚጨምረው መጨረሻ ላይ፣ ቀምሶ ነው። ከሌላ ቦታ የሚመጣ ተመዛኝም መጀመሪያ ውሃውን ምላሱ ላይ ጠብ ያደርግና ነገሩ ይገባዋል። የመንበረ ልክ ለአዋሽ ውሃ ልክ ነበር። ማንኪያዋ አልዋሸም፤ እዚህ ግን ዕጥፍ ሆነ። ሾርባው ለመዋጥ የሚያስቸግር ነበር፤ ሰዎቹ የጠጡት ጾመኛ ስለሆኑና ይሉኝታ ስለያዛቸው ነው።

መንበረ ሳህኑን አየችው። ቢጫ ነው፣ ለዓይን ያምራል።

«ንገሪኝ» አለቻት። «ምን ምን ይላል?»

«ነገርኩሽ፣ ጨው ነው።»

«ከጨው በኋላስ?»

ዊዳድ አመነታች። ከዚያ ማንኪያ አንሥታ ጠጣች፤ ዓይኗን ጨፍና የጠፋ ዕቃ በጨለማ እንደሚፈልግ ሰው ፈለገች። «ምስሩ በደንብ በስሏል» አለች። «ዝንጅብሉ አለ፤ ሩቅ ነው ግን አለ። ኮረሪማውም…»

«አትዘኚልኝ» አለች መንበረ። «አራት ዓመት ሙሉ ሲታዘንልኝ ነው የኖርኩት።»

ዊዳድ ዓይኗን ገለጠች። «ነጭ ሽንኩርቱ አሯል። ይመርራል።»

መንበረ ጨዉን ችላው ነበር። ጨው የውሃ ጥፋት ነው ሊባል ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ግን ወጥ ቤት የገባች ሴት በመጀመሪያው ሳምንት የምትማረው ነገር ነው፤ ማረሩን አፍንጫ ከበር ላይ ሆኖ ይሰማል። እሷ በላዩ ላይ ቆማ፣ እያማሰለችው፣ ፊቷን እንፋሎቱ እየመታት አሳረረችው። ገብሩ የጻፈውም ያን ነበር። እንግዲህ አዋሽስ ስንቱን አሳርራ ይሆን? ስንቱ ሰልጣኝ ያረረውን ልክ ነው ብሎ ከእሷ ተምሮ ሄደ? ይህ ሐሳብ ሲመጣባት ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን ያዘች። ከተማ ሲቀበር ጎረቤት ደግፏት፣ ሰው ከቧት፣ ለሰው ጭምር ነበር ያለቀሰችው። አሁን ያለቀሰችው ለብቻዋ ነው፤ ለምላሷና ለአፍንጫዋ፤ ለእነሱ እንደ ሙት ዐልቅሳላቸው አታውቅም ነበር።

ሲወጣላት ፊቷን በሽርጧ ጠረገች። «ጻፊው» አለች። «ነጭ ሽንኩርት ሲያር የማታውቅ አሰልጣኝ ልጆች ፊት አትቆምም። እኔም ብሆን አላሳልፍም።»

ዊዳድ ሌላ ዕድል እንዳላት፣ ሁለተኛው ዙር ከፋሲካ በኋላ እንደሚመጣ፣ ሕክምናም እስከ አዲስ አበባ ድረስ መሞከር እንደሚቻል ነገረቻት። ምናልባት ንድፈ ሐሳቡን፣ የንጽሕናውን ክፍል ብቻ እንድታስተምር ኮሌጁ ይፈቅድላት እንደሆነ እሷም ትጠይቅላታለች። መንበረ አመሰገነቻት። ሁለቱም የሚሆነውን ያውቁታል። መጋዘን ይሆናል፣ ቁልፍና ጆንያ መቁጠር ይሆናል፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የሌላ ሰው ድምፅ ሽንኩርቱን አድቅቁት ይላል።

አብዱናሲር ባዶ ሳህኑን ይዞ ወደ ጠረጴዛው መጣ። የሆነውን አልሰማም። ለእንግዳ የሚገባውን ምስጋና አዘጋጅቶ ነው የመጣው። እጅሽ ይባረክ አላት፣ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ሾርባ ካፈጠርኩበት ቆይቷል አላት። በአዋሽ ቢሆን መንበረ ፊቱን አንብባ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ምርቃቱን ተቀብላ ታልፈው ነበር።

«ጨው በዝቶበታል» አለችው። «ነጭ ሽንኩርቱም አሯል። መቅመስ አልችልም እኮ። ምላሴ ሞቷል።»

ሰውዬው ሳህኑን እንደያዘ ቆመ። ዊዳድን አየ፤ ዊዳድ ዓይኗን ሰበረች። ከዚያ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

«አላህ ያሽርሽ» አላት። «አላህ ይመልስልሽ፣ እህቴ።»

በእነዚያ ዓመታት ለከተማ ነፍስ፣ ለራኬብ ትምህርት፣ ለጾሟ በረከት የጸለየላት ብዙ ነው። ለዚህ ግን ማንም ጸልዮላት አያውቅም ነበር፤ ማንም አያውቅማ።

«አሜን» አለች መንበረ። ዊዳድ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ውጤቱን ጻፈች።